ኮሌታ ትርፍ ሰዓቱን ሊጠይቅ ሄደ

በየማለዳው፣ በሩ ሳይከፈት፣ ሁለት ጣቶቹን ወደ ሚስቱ አንገት ይሰዳል። ነገሩ ፍቅር ይመስላል፤ ፍቅርም ነው፤ በመጀመሪያ ግን ኮሌታ ነው። የደንብ ልብሷን ኮሌታ ግራና ቀኝ ቆንጠጥ አድርጎ ወደ ታች ይስበዋል፣ ጫፎቹን ያስተኛል፣ ፈቀቅ ብሎ ያያል፣ ከዚያም መድኃኒቱ እንደሠራለት ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል።

"አሁን ሂጂ" ይላታል።

እሷም ፈቃድ ባታገኝ ኖሮ እዚያው ቆማ የምትውል ይመስል "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ትወጣለች። የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ናት። ከእሷ ኮሌታ በፊት የተማሪ ኮሌታ አይታይም ይላል እሱ።

ይህ አመሉ እቤት የሚቀር ቢሆን ደግ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ኮሌታው ከተገለበጠ፣ አንዳቸው እስኪወርዱ ድረስ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ጊዜ የተኛ ሰው ኮሌታ ሊያስተካክል ጣቱን ቢዘረጋ ሰውየው ነቅቶ "ሌባ!" ብሎ ጮኸ፤ አውቶቡሱም ቆመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ሹፌር አቁሞ ሲቆጣ አይቶ፣ መንገድ ተሻግሮ ሄዶ "ይቅርታ የኔ ወንድም" አለና የፖሊሱን ኮሌታ አስተኝቶለት ተመለሰ። ፖሊሱ የሚለው ጠፍቶት ሹፌሩን ማረው ይባላል። ይህን የሚያወራው ራሱ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ማመን ነው። እንግዲህ ስሙ የወጣለት በዚህ ነው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ለቀረው ዓለም ኮሌታ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። አዲስ ሰው ሥራውን ከጠየቀው "ተኳሽ ነኝ" ይላል፤ ሰውየው እስኪደነግጥ ይጠብቅና "የሸሚዝ" ብሎ ይጨምራል። ሚስቱ ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማችው ቆጥራ ስለማታውቅ ትዳራቸው ጸንቷል።

የሚሠራበት ላውንደሪ እንደ ኮሪደር የጠበበና የረዘመ ቤት ነበር። ከፊት ደንበኛ የሚቀበሉበት ባንኮኒ፣ ከመሃል ከጣሪያው በተንጠለጠለ ብረት ላይ ራስና እግር የሌላቸው ሰዎች መስለው የተሰለፉ ልብሶች፣ ከኋላ ደግሞ የእሱ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ እዚህም እዚያም ቡናማ የካውያ ምልክት አለበት፤ ሁሉም ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ያቃጠላቸው ናቸው፤ ቢያንስ እሱ የሚለው እንደዚያ ነው። ከጠረጴዛው በላይ አንድ ወፍራም ቱቦ ግድግዳውን በስቶ እንፋሎቱን ወደ ጓሮው መንገድ ይተፋል።

ባለ ላውንደሪው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ብርቱካን ይዘው ይጠይቃሉ፤ ደመወዝ ሲጠየቁ ግን ራሳቸው ይታመማሉ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የብረት መዝጊያውን ራሳቸው ነው የሚያወርዱት፤ ያውም ሰፈሩ እስኪሰማ ቋ! አድርገው። ተቆጣጣሪ ቢያልፍ የተዘጋ ቤት ነው የሚያየው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ይሉና፣ ሁለት እጃቸውን እንደሚለምን ሰው አጣምረው፣ ወደ ኮሌታ ይመጣሉ።

"ወንድሜ፣ እነዚህ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላዎች ለጠዋት ይፈለጋሉ። ዛሬ ብቻ።"

በማግስቱ የመዘምራን ልብስ ነው። ዛሬ ብቻ። ከዚያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ከዚያ የምግብ ቤት ጠረጴዛ ልብስ፣ ከዚያ እንደገና አንሶላ። ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ። በዚህ መሃል ልጆቹ አድገው ከቤት ወጡ። ኮሌታ አንዳንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ "ጋሼ፣ ትርፍ ሰዓቱ…" ሲል፣ "ይታሰባል፣ ወንድሜ፣ ይታሰባል" ይሉታል። እውነትም ታስቧል፤ በማሰብ የሚያህላቸው አልነበረም።

ልብስ አጣቢዎቹ ታዲያ "ጋሽ ዛሬብቻ" ብለው ስም አወጡላቸው። ስም ደግሞ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይወጣል፤ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ደረሰ፣ ከእሱ በላውንደሪው በር ላይ ወደምትቀመጠው ሻይ ሻጭ፣ ከሻይ ሻጯ ወደ ሰፈሩ ሁሉ። ከጊዜ በኋላ ስሙ ለምን እንደወጣ የማያውቁ ሰዎች እንኳ በቅን ልብ ይጠሩበት ጀመር። ጨርሶ የማያውቁት ባለ ስሙ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ማሽን መጣ። ሸሚዙን እንደ ሰው አልብሰውት በእንፋሎት የሚነፋው፣ ደረቱ የተወጠረ፣ ኩሩ ማሽን ነው። ባለ ላውንደሪው የኮሌታን ትከሻ መታ መታ አድርገው "ወንድሜ፣ ብዙ ደክመሃል። እንግዲህ ዕረፍ" አሉት። ኮሌታ ልቡ ተነካ፤ እጅ ነስቶ አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ ተመልሶ መጣና "ዐርፌ መጣሁ" አለ።

መባረሩን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ ይባላል። ይህን ደግሞ የሚያወራው እሱ ስላልሆነ ሙሉውን ማመን ይቻላል።

ሲባረር የመጨረሻዎቹ የሁለት ወር ደመወዞች አልተከፈሉትም። የትርፍ ሰዓቱማ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንዲያው መባረሩ ብቻ ቢሆን ኮሌታ ዝም ብሎ በተቀመጠ። ነገር ግን የተከራዩት ግቢ ውስጥ ከፊት ለፊት፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል ባዶ ሆነች። ካውያ አለው፤ ጠረጴዛም ይገኛል፤ ያቺ ክፍል ከተገኘች በገዛ መስኮቱ የገዛ ደንበኛውን ሊቀበል ነው። ይህን ካሰበ በኋላ ምግብ አልረጋለትም። አከራያቸው ቅድሚያ ክፍያ ትፈልጋለች።

"እስከ ወሩ መጨረሻ እይዝልሃለሁ" አለችው። "ከዚያ በኋላ ግን አትቀየመኝ። ስልክ ጠጋኙ ሌት ተቀን እየለመነኝ ነው።"

ስለዚህ ኮሌታ ገንዘቡን ሊጠይቅ መሄድ ጀመረ። መሄዱን ሄደ፤ መጠየቁ ነው የቸገረው።

"ምን አሉህ?" አለችው ሚስቱ መጀመሪያ የሄደ ቀን።

"ደህና ናቸው።"

"ደህንነታቸውን አልጠየቅኩህም። ገንዘቡስ?"

"እንግዳ ነበረባቸው።"

በሁለተኛው ሳምንት፣ "ጥርሳቸውን ታመው አገኘኋቸው" አለ።

"ካዝናውን የሚከፍቱት በጥርሳቸው ነው?"

በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሚስቱ ድስቱን እያማሰለች በጎን አየችው።

"ዛሬስ?"

"ማሽኑ የሙሽራ ሸሚዝ ደረቱን አጨማዶባቸው… ተጨንቀው…"

"እና?"

"አስተካከልኩላቸው።"

"በነጻ?"

ኮሌታ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ምንም አልረዳውም።

"ዛሬ ብቻ አሉኝ" አለ በለሆሳስ።

ሚስቱ ማማሰያውን አስቀመጠች። ከዚያ በእናቱ ስም ጠራችው፤ ነገሩ መክፋቱን ያወቀው ያኔ ነው።

"እኔን እዚያ በር ላይ ያቆሙኝ ለምን ይመስልሃል? ለቁመቴ ነው? ያረፈደ ልጅ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? 'እትዬ፣ ዛሬ ብቻ!' አንዱ አያቱ ሞታበት፣ አንዱ ጫማው ተበጥሶበት፣ ሁሉም ዛሬ ብቻ። አንዱን ባስገባ በማግስቱ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግማሹ ትምህርት ቤት ውጭ ነው። አንተ ግን፣ የሰው ኮሌታ የምታቃና ሰውዬ፣ የራስህን ነገር ማን ያቅናልህ?"

"እሺ ምን ላድርግ?"

"የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንሄዳለን።"

"መክሰስ?!"

"መጠየቅ። ስሙ ካስፈራህ መጠየቅ በለው።"

ቢሮው ሄደው አመለከቱ። መዝጋቢዋ "ትርፍ ሰዓት የሠሩት ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስትለው "ከሁልጊዜ" አላት። ቀን እንዲጠቅስ ጠየቀችው፤ ሚስቱ ጠቀሰችለት። ቀጠሮው የወሩ መጨረሻ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሆነ። አከራይቷም ቀጠሮውን ሰምታ፣ "እንግዲህ በዚያ ቀን ይለይልን" አለች።

በዋዜማው ሚስቱ ልምምድ አደረገችለት። የእሱን ኮት ደርባ፣ እግሯን አነባብራ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ባለ ላውንደሪውን ሆነች ማለት ነው።

"ግባ፣ ወንድሜ" አለች ድምጿን አወፍራ። "ምን እግር ጣለህ?"

"ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ጠይቀኛ!"

ኮሌታ ላብ አጠመቀው። "ልጆች እንዴት ናቸው?"

ሚስቱ ቡጢዋን ጭኗ ላይ መታች። "ስለ ልጆቹ አይደለም! እንደገና! 'የላቤን ዋጋ ይስጡኝ' በል።"

"እሱን ስል ሳቄ ይመጣል። ያላበኝ እኮ በእንፋሎቱ ነው።"

"እሺ፣ 'የሠራሁበትን' በል።"

"የሠራሁበትን…" ብሎ ጀመረ። ጥሩ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን እጁ ሳያውቀው ወደ ኮቱ ኮሌታ መንገድ ጀምሯል።

"እጅህን ኪስህ ክተት!"

"ኪሴ ከገባ አፌ አብሮ ይዘጋል።"

"እንግዲያው ነገ እጅህን እኔ እይዝልሃለሁ" አለች፤ እንዳለችውም አደረገች።

የቢሮው ክፍል ረጅም ጠረጴዛና እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ የማይታወቁ፣ የማይመሳሰሉ ወንበሮች ነበሩበት። ጉዳዩን የሚሰማው ወጣት ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጧል። ጨዋ ፊት፣ ንጹሕ ሸሚዝ፣ የቀኙ ኮሌታ ግን በሹራቡ ውስጥ ተቀብሮ የግራው ብቻ ብቅ ብሏል። ኮሌታ ገና ከበሩ ሲያየው ጣቱ ተነሣ። ሚስቱ የእጁን አንጓ ጨብጣ "እንዳትሞክራት" አለችው በጆሮው።

ባለ ላውንደሪው ገቡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሻይ ሻጯን በምስክርነት አምጥተዋታል፤ እሷም ፔርሙዟንና ብርጭቆዎቿን በዘንቢል እንደያዘች ነበረች። ባለ ላውንደሪው ኮሌታን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ወንድሜ! ከስተሃል እኮ!"

"ጋሼ! ጥርስዎን ተሻለዎት?"

"ተነቀለ። ልጆቹ ደህና?"

"ደህና ናቸው። እዚያ ቤትስ?"

ወጣቱ እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ የሚጨርሱ ስላልመሰለው ጠረጴዛውን ቆረቆረ። "ይቅርታ፣ ከሳሽና ተከሳሽ እናንተ ናችሁ ወይስ ሌሎች ይመጣሉ?"

ተቀመጡ። ባለ ላውንደሪው በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ። የሁለቱን ወር ደመወዝ አልካዱም፤ "እሰጠዋለሁ፣ ወንድሜ ነው፣ እጄ ላይ ስላልነበረ ነው" አሉ። "ትርፍ ሰዓት የሚባለው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቤቴ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ሰፈር ይመስክር።"

ወጣቱ ወደ ኮሌታ ዞረ። "እርስዎን ከአሥራ ሁለት በኋላ ቆይተው እንዲሠሩ ያዘዘዎት ማን ነው?"

ልምምዱ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ነበር። ሚስቱ አንጓውን ጠበቅ አደረገችለት። ኮሌታ ባለ ላውንደሪውን አየ፣ ወጣቱን አየ፣ የተቀበረውን ኮሌታ አየ፤ ከዚያም በዓለም ላይ ያለው እውነት ሁሉ ካልተነገረ የሚያፍን ሆኖበት፣

"ማንም አላዘዘኝም" አለ። "ለመኑኝ እንጂ።"

"ይኸው!" አሉ ባለ ላውንደሪው። "ከራሱ አፍ! አላዘዝኩትም!"

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። በጨፈነችው ዓይኗ ስልክ ጠጋኙ በዚያች መስኮት ብቅ ብሎ ሲስቅ አየችው።

"ምስክርዎን እንስማ" አለ ወጣቱ።

ሻይ ሻጯ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ቢሮ ገብታ ስለማታውቅ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ መንገድ ማዶ ላለ ሰው።

"እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?"

"ምነው አላውቃቸው! ጋሽ ዛሬብቻ ናቸው።"

ወጣቱ ፋይሉን ገለጥ አደረገ። "እዚህ የተጻፈው ስም ሌላ ነው።"

"እንግዲህ የወረቀት ስማቸው ይሆናል። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በዚህ ነው።"

ባለ ላውንደሪው አንገታቸውን አቀኑ። "የማን ስም ነው?"

"የእርስዎ ነዋ፣ ጋሼ!" አለች ሻይ ሻጯ፣ ስሙን የረሳ ሰው እንደምታስታውስ በርኅራኄ።

"ቤታቸው በስንት ሰዓት ይዘጋል?" አለ ወጣቱ።

"በአሥራ ሁለት። መዝጊያው ሲወርድ ሰፈሩ ይሰማል። እኔ ሰዓት የለኝም፤ በእሱ ነው ፔርሙዜን የማዞረው።"

ባለ ላውንደሪው ትንሽ ተንፈስ አሉ።

"ወዴት ነው የሚያዞሩት?"

"ወደ ጓሮ ነዋ፣ ወደ ቱቦው።"

"የምን ቱቦ?"

"የእንፋሎቱ! የፊት በር ሲዘጋ ገበያዬ ከጓሮ ነው። ማታ ይበርዳል አይደል? ይሄ ኮሌታ ውስጥ ሲተኩስ ሙቀቱ በቱቦው ይወጣል። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሊሞቅ ቆም ይላል፤ የቆመ ሰው ደግሞ ሻይ ይጠጣል። እሱ ከወጣ ወዲህ ማሽኑ በአሥራ ሁለት ጸጥ! ገበያዬ ሞተ።" ከዚያ ወደ ባለ ላውንደሪው ዞረች፤ የመጣችበትን ጉዳይ ጨርሳ ረስታዋለች። "ጋሽ ዛሬብቻ፣ ካገኘሁዎት አይቀር፣ ምናለ ቢመልሱት!"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ባለ ላውንደሪው የብብታቸው ነገር ሲወድቅ ድምፁን የሰሙ መሰሉ።

"እንፋሎቱ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር?" አለ ወጣቱ፣ መጻፍ ጀምሮ።

"ፔርሙዜ እስኪያልቅ።"

"ፔርሙዙስ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"የመጨረሻው አውቶቡስ ሲመጣ።"

"በየቀኑ?"

"እሑድ እንኳን እኔ አልወጣም።"

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሊስቅ እንዳለ ሰው ከንፈሩን ነከስ አድርጎ፣ "ስማቸውን እንመለስበት" አለ። "ዛሬብቻ። ማን ነው ያወጣላቸው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ አባታቸው ይሆናሉ!" አለች። ከዚያ ከንፈሯ ስሙን ቀስ ብሎ ለሁለት ከፈለው፦ ዛሬ፤ ብቻ። በዚያ ቱቦ በየማታው ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ልመና ትዝ ሳይላት አልቀረም። እጇ ወደ አፏ ሄደ። "ወይ ጉዴ! ለካ ስም አይደለም!"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የባለ ላውንደሪው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አሁን እስከ ጆሯቸው ቀላ። አልተቆጡም። ቀስ ብለው ወደ ኮሌታ ዞሩ።

"እንደዚህ ነው የምትሉኝ?"

ኮሌታ መሬቱን አየ።

"ሁላችሁም?"

"የሰፈሩ ልጆች እንኳን አይሉም፣ ጋሼ" አለ ሊያጽናናቸው ፈልጎ። "ልጆቹ 'አባባ ዛሬብቻ' ነው የሚሉት።"

ከጠረጴዛው ዙሪያ ማንም አልሳቀም፤ ላለመሳቅ ግን ሁሉም ተቸግሯል። ባለ ላውንደሪው ጥርሳቸው የተነቀለበትን ቦታ በምላሳቸው እየነኩ ወለሉን ያዩ ጀመር። እንደዚያ ሆነው ሲታዩ የኮቱ ትከሻ የሰፋባቸው አሮጌ ሰው ነበሩ። ኮሌታ ይህን ማየት አልቻለም። "ይቅርብኝ" የምትል ቃል ተነሥታ ጉሮሮው ላይ ደረሰች። ሚስቱ የእጁን አንጓ ይዛ ነበርና ቃሏ ስትመጣ በደም ሥሩ ሳትሰማት አልቀረችም። ልትቆነጥጠው ትችል ነበር። አልቆነጠጠችውም፤ እንዲያውም እጁን ለቀቀችው።

"አቤቱታዎን ይቀጥላሉ ወይስ ይተዉታል?" አለ ወጣቱ።

ኮሌታ ተነሣ። የተለቀቀው እጁ መሄጃ አጥቶ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ባለ ላውንደሪው ዘንድ ሊሄድ ይችላል፣ የወጣቱ ሹራብ ዘንድም ሊሄድ ይችላል። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቹን ራሱ ኪሱ ከተታቸው።

"ጋሼ" አለ፣ "እወድዎታለሁ። ገንዘቡን ግን እፈልጋለሁ።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አላለማመደውም። ሚስቱ ኋላ ላይ እንደተናገረችው፣ ካገባችው ጊዜ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ነገር ሲጠይቅ ሰምታው አታውቅም፤ እሷን ያገባትም ገና ሳይጠይቃት ነው፣ እሷ ገብቷት።

ባለ ላውንደሪው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት…" ብለው ሲጀምሩ፣ ወጣቱ፣ የኮሌታ ሚስትና ሻይ ሻጯ በአንድ አፍ "ዛሬ!" አሏቸው።

የሩቆቹ ዓመታት በይርጋ ቀሩ፤ ወጣቱ ሕጉ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ወደ ኋላ ሄዶ አሰበው። በይርጋ የቀረውን ኮሌታ አልተከራከረበትም፤ ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ ትከራከርበታለች፤ ወጣቱ ስለሌለ ከኮሌታ ጋር። ደመወዙን ያን ዕለት ተቀበለ፤ ትርፍ ሰዓቱን በሁለት ጊዜ ሊቀበል ተፈራረሙ። ሻይ ሻጯም ለሁሉም ቀዳች፤ ሲወጡ ሒሳቡን የጠየቀቻቸው ባለ ላውንደሪውን ነው፤ ምስክር አድርገው ያመጧት እሳቸው ናቸውና። ሳያቅማሙ ከፈሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ኮሌታ ከኋላ ደረሰባቸውና የኮታቸውን ኮሌታ አስተኛላቸው። ቆመው ተመቻቹለት፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ እንደ ልጅ።

ክፍሏ ተገኘች። አሁን መስኮቷ ጠዋት ትከፈታለች፤ ካውያው ከመስኮቱ ጀርባ ይተነፍሳል፤ ስልክ ጠጋኙ እንኳ ቂሙን ጥሎ ሸሚዙን ያመጣል፤ ቂሙን ጨርሶ ላለመጣል ደግሞ ዋጋ ይከራከራል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮሌታ ካውያውን ይነቅላል። ያረፈደ ደንበኛ መጥቶ "እባክህ፣ ዛሬ ብቻ" ካለው፣ አፉን ከፍቶ ሊመልስ አይሞክርም፤ ራሱን ያውቃል። በጣቱ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ የተቀመጠችውን ሚስቱን ያመለክታል። ደንበኛውም አንድ ጊዜ ያያትና ነገ ጠዋት ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ ኮሌታ አልከፋውም። "ሌባ!" የተባለበትን ጻፊው፣ ዐርፌ መጣሁ ያልኩትንም ጻፊው፣ ብሎኛል። አንዲት ነገር ብቻ "እባክሽ ይቺን ተዪያት" ብሎ ለመነኝ። "ጋሼ ከሰሙ፣ የእሷን ሰዓት ከትርፍ ሰዓቱ ቀንሰህ መልስልኝ ይሉኛል።"

እሷም ይህቺ ናት። ሰፊ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። መዝጊያው ከወረደ በኋላ ባለ ላውንደሪው ወደ ቤታቸው አይሄዱም ነበር፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ገና ትኩስ የሆነውን አንሶላ በዚያኛው ጫፍ ይይዙለታል። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለቱ ተራርቀው ይወጥሩታል፤ ከዚያ እየተጠጋጉ ይመጡና ጫፉን ከጫፍ ያገናኙታል፤ እንደገና ይራራቃሉ፤ እንደገና ይገናኛሉ። ባለ ላውንደሪው ድምፅ የላቸውም፤ ሆኖም የወጣትነታቸውን ዘፈን ከአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ኮሌታም እግሩን በዜማው ልክ ያነሣል። ሁለቱም ምንም አይነጋገሩም። አንዳንድ ማታ፣ የመጨረሻው አንሶላ ላይ ሲደርሱ፣ ኮሌታ ሆን ብሎ ያዛንፈውና "ጋሼ፣ ጠማማ ሆነች፣ እንደገና እንጠፋት" ይላቸው ነበር።